ሮበርት ባራኒና የሚዛን ምሥጢር

ራሴን አዞረኝ የሚል በሽተኛ በቂርቆስም ሆነ በካዛንቺስ ክሊኒክ ሲቀርብ፣ የጆሮው ታምቡር ያልተበሳ ከሆነ፣ ሐኪሙ ቀዝቃዛና ሞቅ ያለ ውሃ በየተራ ወደ ጆሮው አፍስሶ የዐይኑን እንቅስቃሴ በመመልከት የሚዛን አካሉን ጤንነት ሊመረምር ይችላል። ይህን ዘዴ ለሙያችን ያበረከቱት ሮበርት ባራኒ ናቸው።

ባራኒ እ.ኤ.አ. በ1876 በቪየና ተወለዱ። በልጅነታቸው የአጥንት ቲቢ ይዟቸው አንድ ጉልበታቸው እንደ ልብ ሳይታጠፍ ቀረ። በ1900 በሕክምና ተመርቀው፣ በኋላ በፖሊትዘር የጆሮ ክሊኒክ ተቀጠሩ።

በዚያም ጆሯቸው በውሃ የሚታጠብ በሽተኞች ብዙውን ጊዜ ራሳቸውን ያዞራቸው ነበር። አንድ በሽተኛ ውሃው ቀዘቀዘ ብሎ ቢያማርር የሞቀ ቀረበለት፤ ይኸኛው ደግሞ ከመጠን በላይ ሞቆ ስለ ነበር እንደገና አማረረ። ባራኒ ቅሬታውን ሰምተው ብቻ አላለፉም፤ ዐይኖቹ ከቀድሞው በተቃራኒ አቅጣጫ ሲርገበገቡ አስተዋሉ። ከዚህም ተነሥተው፣ ሙቀት በግማሽ ክብ ቦዮች ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ከፍ፣ ቅዝቃዜ ደግሞ ዝቅ እንደሚያደርገው ገለጹ።

ፈሳሹ ሲንቀሳቀስ በየቦዩ ጫፍ ያለውን ዝልግልግ መጋረጃ ያጎብጠዋል፤ በመጋረጃው ውስጥ የተተከሉት የሕዋሳት ጸጉሮችም አብረው ያዘነብላሉ። ወደ ረጅሙ ጸጉር ሲያዘነብሉ ነርቩ ይነቃቃል፤ በተቃራኒው ሲሆን ይረግባል። የእነዚህ ሕዋሳት ረቂቅ አሠራር የታየው ግን ከባራኒ ሞት በኋላ ነው። በ1956 ስዊድናዊው ያን ቬርሴል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሁለት ዓይነት ሕዋሳትን ለዩ፤ አንደኛው ቅርጹ እንደ ብርሌ ሆኖ የነርቭ ጫፍ እንደ ጽዋ ያቀፈው ሲሆን፣ ሁለተኛው ቀጥ ያለ ነው። በ1983 በጠፈር በተደረገ ሙከራ ደግሞ፣ ሞቃት ፈሳሽ ወደ ላይ በማይወጣበት ሁኔታ እንኳ ዐይን መርገብገቡ ታየ። የባራኒ ማብራሪያ ምሉዕ አለመሆኑ ቢታወቅም ምርመራቸው ጸንቶ ኖረ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ባራኒ በወታደር ሐኪምነት ዘመቱ፤ በ1915 በፕሸሚስል ምሽግ በሩሲያ ጦር ተማረኩ። የ1914 የኖቤል ሽልማት ለእርሳቸው መሰጠቱን የሰሙት በምርኮ ሳሉ ነው። በስዊድኑ ልዑል ካርል አማላጅነት፣ በቀይ መስቀል በኩል በ1916 ተፈቱ። ይሁን እንጂ ቪየና ሲመለሱ የጠበቃቸው የባልደረቦቻቸው ክስ ነበር፤ የቀደሙ ተመራማሪዎችን ድርሻ በሚገባ አልጠቀሱም ተባሉ። ቅር ተሰኝተው በ1917 ወደ ኡፕሳላ ሄዱ፤ በዚያም እያስተማሩ ኖረው በ1936 ዐረፉ።

የምርኮኛ ካምፕ ያላስለቀቃቸውን አገር የባልደረባ ወቀሳ አስለቀቃቸው። ስለዚህ ሕይወታቸው ለሙያ ማኅበር አባላት ሁለት ነገር ያሳስባል፤ የቀደመን ሰው ድካም በስሙ መመዝገብ ተገቢ ነው፤ የበሽተኛንም ቅሬታ እንደ ተራ ነገር መቁጠር አይገባም።