በዓሉ ግርማ
በዓሉ ግርማ (የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ጠፋ) ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛና የልብ ወለድ ደራሲ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው «ኦሮማይ» በተባለው መጽሐፉና ከመጽሐፉ መታተም በኋላ ደብዛው በመጥፋቱ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

በዓሉ የተወለደው በኢሉባቦር ሲሆን አባቱ ህንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበወርቅና በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤቶች ተማረ። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ አሜሪካ ሄዶ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የማስትሬት ዲግሪውን አገኘ።

የሥራ ዘመን

የመነን መጽሔት፣ የአዲስ ሪፖርተር፣ የኢትዮጵያን ሄራልድና የአዲስ ዘመን አዘጋጅ ነበር። በደርግ ዘመን የማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከመሆን ደረሰ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ወጣ፤ ከዚያ «የሕሊና ደወል»፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»፣ «ደራሲው» እና «ሐዲስ» ተከተሉ።

ኦሮማይ

ደርግ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን ሲጀምር በዓሉ በማስታወቂያ ሥራ ተመድቦ አስመራ ሄደ። ዘመቻው ናቅፋን መያዝ ሳይችል ቀረ። በዓሉ ያየውን በ1975 ዓ.ም. በልብ ወለድ አወጣው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ሲሆን፣ አንባቢዎች በሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ውስጥ የዘመኑን ባለሥልጣናት ለዩ። ርዕሱ ከጣልያንኛ የመጣ በኤርትራ የሚነገር ቃል ነው፤ ነገሩ አብቅቶለታል እንደማለት ነው።

መጽሐፉን ያሳተመው መንግሥታዊው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር። ሆኖም በቀናት ውስጥ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ። የተረፉት ቅጂዎች በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ተነበቡ።

ከመጥፋቱ በፊትና የጠፋበት ቀን

በዓሉ በእነዚያ ወራት ያደረገው ነገር ለመሰወር የተዘጋጀ ሰው ድርጊት አይመስልም። መጽሐፉን በብዕር ስም ሳይሆን በራሱ ስም አወጣ፤ ያሳተመውም በድብቅ ሳይሆን በመንግሥት ድርጅት ነው። ከሥራ ከተባረረ በኋላም ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር አዲስ አበባ መኖሩን ቀጠለ። በመረጃ ሥራ ላይ የኖረ ሰው በመሆኑ የመንግሥቱን ጠባይ አያውቅም ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ በገዛ ፈቃዱ ተሰወረ የሚለው ግምት ብዙ ደጋፊ የለውም።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በቮልስዋገን መኪናው ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ቃሊቲ ላይ ቆሞ ተገኘ። አስከሬኑ አልተገኘም። በደርግ የጸጥታ ሰዎች ተይዞ ተገድሏል የሚለው እምነት ሰፊ ነው፤ ነገር ግን የተያዘበት ሁኔታም ሆነ የሞተበት ቀን በይፋ አልታወቀም። መኪናው መንገድ ላይ መገኘቱ ብቻውን ማን እንዳቆመውና በዓሉ እስከዚያ በራሱ ይንዳው አይንዳው አይናገርም።

ከዚያ በኋላ

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ቢወድቅም ቤተሰቡ የሚያርፍበት መቃብር አላገኘም። «ኦሮማይ» ግን ከእገዳ ወጥቶ በተደጋጋሚ ታተመ፤ ወደ እንግሊዝኛም ተተረጎመ። ዛሬ ከአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ በብዛት ከሚነበቡት አንዱ ነው።