አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ)፦ ሊጥ፣ ቆዳ፣ ልጆችና ሁለት ሂጅራ

 የሶሐባ ሴቶች ታሪክ ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚሉን በጦር ሜዳ ውኃ ያቀበሉት፣ ሐዲስ ያስተላለፉትና በሥቃይ የጸኑት ናቸው። ሆዷ ገፍቶ ሊጥ የምታቦካዋ፣ ልጄ ለምን ከሳ ብላ የምትጨነቀዋ ሴት ታሪክ ያላት አይመስለንም። በጀመዓችን ውስጥ ደግሞ ትዳር ይዘው የሚማሩ እህቶች አሉ። ከእነሱ መካከል ያረገዘችው ተርሙን ልጨርስ ወይስ ላቋርጥ እያለች ስታወጣና ስታወርድ ትከርማለች። ለእሷም፣ ለባለቤቷም፣ ለጓደኞቿም ይሆናል ብለን በዚህ እትም የመረጥነው የአስማ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) ሕይወት ነው።

አስማ የኸሥዐም ጎሣ ልጅ ናት። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት መይሙና የእናቷ ልጅ ስትሆን፣ ሌላዋ እህቷ ሰልማ የሐምዛ ሚስት ነበረች። እሷ ደግሞ የነቢዩን የአጎት ልጅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብን አገባች። ሁለቱም ቀድመው ሰለሙ፤ የቁረይሾች ጭቆና ሲበረታም እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ባሕር ተሻግረው ወደ እኛው አገር፣ ወደ ሐበሻ መጡ።

ጃዕፈር በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለተናገረውና ከሱረቱ መርየም ስላነበበው በመድረሳ ያልሰማ የለም። ከዚያ ችሎት በኋላ ግን አስር ዓመት የሚያልፍ ኑሮ አለ። አስማ ሦስቱን ልጆቿን ዐብደላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን የወለደችው እዚህ ነው። የተወለደችበት ቀዬ ባሕር ማዶ ሆኖ፣ የሰው ቋንቋ እየተማሩ ሦስት ጊዜ ማርገዝና ሦስት ጊዜ ማራስ ማለት ነው። ነጃሺም በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ ተወልዶለት የጃዕፈር ልጅ ማን እንደተባለ አስጠይቆ የራሱንም ዐብደላህ ብሎ እንደሰየመው፣ አስማም ሁለቱን አንድ ላይ እንዳጠባች የሚተርኩ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ።

በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ (628) በመርከብ ተመልሰው ኸይበር በተያዘበት ወቅት ከነቢዩ ጋር ተገናኙ። መዲና ሲገቡ ዑመር (ረ.ዐ) በልጁ በሐፍሷ ቤት አገኛትና በሂጅራ እኛ ቀደምናችሁ፣ ለመልእክተኛው የቀረብነው እኛ ነን አላት። አስማ ዝም አላለችም። እናንተ የተራበ የሚያበላና ያላወቀ የሚያስተምር መልእክተኛ አጠገብ ነበራችሁ፤ እኛ በሩቅ አገር በባዕድ መካከል ነበርን አለችው። ይህን ለነቢዩ ሳልናገር እህል ውኃ አልቀምስም ብላ ምላለች። ነቢዩም ለዑመርና ለጓደኞቹ አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯት። ከዚያ በኋላ አብረዋት በመርከብ የመጡት እነ አቡ ሙሳ ይህን ሐዲስ ከእሷ አፍ ለመስማት በቡድን በቡድን እየሆኑ ይመጡ ነበር።

በመዲና ከጃዕፈር ጋር የኖረችው ከሁለት ዓመት በታች ነው። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (629) ጃዕፈር ወደ ሙእታ ዘመተ። ኢብን ኢስሐቅ ያቆየልን ዘገባ አስማ በዚያን ቀን ጠዋት ምን ስትሠራ እንደነበር ይነግረናል። አርባ ቆዳ አልፍታለች፤ ሊጧን አቡክታለች፤ ልጆቿን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ አሰማምራለች። ቆዳ ማልፋት ምን ያህል ክንድ እንደሚጠይቅና ምን ያህል እንደሚሸት ገጠር ያደገ ያውቀዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገብተው ልጆቹን አምጪልኝ አሏት። አቅፈው ሲያሸቷቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያኔ ገባት፤ ጠየቀች፤ ጃዕፈር ሸሂድ መሆኑን ነገሯት።

ሊጡ እንደተቦካ ቀረ። ነቢዩ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ የሚያስጨንቃቸው ነገር ደርሶባቸዋልና። ዛሬ ለቅሶ ቤት ምግብ ይዘን የምንሄድበት ሱና ከዚህች ማጀት የመጣ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው የልጆቹን ፀጉር አስላጩ። እናትየው የቲም ሆኑብኝ ስትል፣ በዱንያም በአኺራም ኃላፊያቸው እኔ ሆኜ ሳለ ድህነት ትፈሪላቸዋለሽን ብለው መለሱላት።

ቃል ብቻ ሆኖም አልቀረም። ሌላ ጊዜ ልጆቹ ከስተው አዩዋቸውና ተቸግረው እንደሆነ ጠየቋት። አልተቸገሩም፣ ግን ዓይን ቶሎ ያገኛቸዋል አለች። በምን ሩቅያ እንደምታደርግላቸው ነገረቻቸው፤ ሰምተው እንድታደርግ ፈቀዱላት። እኛን የሚገርመን የጥያቄው ቅደም ተከተል ነው። ስለ ዓይን ከመነገሩ በፊት የተጠየቀው ስለ ችግራቸው ነበር።

ከዚያ አቡበክር (ረ.ዐ) አገባት፤ አረገዘችም። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ በዙልቀዕዳ ወር መጨረሻ (የካቲት 632) የስንብቱ ሐጅ ጉዞ ሲጀመር የመውለጃዋ ወር ነበር። ሦስት የቲሞች አሏት፤ ሆዷ ገፍቷል፤ መካ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ወጣች። ገና ከመዲና 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ዙልሑለይፋ ሲደርሱ ሙሐመድ ኢብን አቢበክርን ወለደች። ምን ላድርግ ብላ ወደ ነቢዩ ላከች። እንድትታጠብ፣ ደሙን በጨርቅ እንድታስርና ኢሕራም እንድታደርግ፣ ከጠዋፍ በቀር ሐጀኛ የሚያደርገውን ሁሉ እንድታደርግ ታዘዘች። ቤቷ ቅርብ ነበር፤ ተመለሺ ግን አልተባለችም። እስከ ዛሬ ሚቃት ላይ ደም ያየች ወይም የወለደች ሴት የምትሠራው በዚህ መልስ ነው። አንዲት አራስ አፍራ ሳትደብቀው ስለጠየቀች ፊቅሁ ተጻፈ። የእኛ እህቶችም ለኡስታዝም ሆነ ለመምህር ሲጠይቁ አንገታቸውን መድፋት አይገባቸውም እንላለን።

ልጁ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ፋጢማ (ረ.ዐ) ታመመች። የሴት ጀናዛ ላይ የሚጣለው ጨርቅ የአካሏን ቅርፅ ስለሚያሳይ ትጨነቅ ነበር። አስማ ሐበሻ ያየችውን ነገር አስታወሰች። እርጥብ የዘንባባ ዝንጣፊዎች አስመጥታ እንደ ቀስት አጎበጠቻቸው፤ ከላይ ጨርቅ ጣለችባቸው። ፋጢማም ወደደችው፤ ስትሞትም ተሠራላት። ኢንጂነሪንግ የምንማረው ይህን ስናነብ ፈገግ እንላለን፦ ደረቅ እንጨት ሲጎብጥ ይሰበራል፤ እርጥቡ ግን ቅስት ይሠራል፤ ቅስቱም ጨርቁን ከአካል ያርቃል። ቀላል ሥራ ነው፤ ግን ከሁሉ በፊት ያሰበችው እሷ ናት፤ የሐሳቡ ምንጭ ደግሞ አገራችን ነው።

በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ (634) አቡበክር ሲሞት ገላውን እንድታጥበው ተናዝዞ ነበርና አጠበችው። ቀኑ ብርድ ነበር፤ እሷም ጾመኛ። ወጥታ ሙሃጂሮቹን ትጥበት ግድ ይለኝ እንደሆን ንገሩኝ አለች፤ አይልሽም አሏት። ዑመርም ኸሊፋ ሲሆን፣ ያኔ በሂጅራ ቀደምናችሁ ያላትን ሴት ከሙሃጂር ሴቶች መዝገብ አስገብቶ አንድ ሺህ ዲርሃም መደበላት።

ከዚያ ዐሊ (ረ.ዐ) አገባት፤ የሕያም ተወለደ። ቤቱ የሦስት አባት ልጆች ቤት ሆነ። አንድ ቀን የጃዕፈሩ ሙሐመድና የአቡበክሩ ሙሐመድ የማን አባት ይበልጣል ብለው ተፎካከሩ። ዐሊ አንቺ ፍረጂ አላት። ከዐረብ ወጣት ከጃዕፈር የተሻለ፣ ከሽማግሌም ከአቡበክር የተሻለ አላየሁም ብላ ፈረደች። ዐሊም ለእኛ ምንም አላስቀረሽልንም አለ፤ ግን ሌላ ብትፈርድ ኖሮ ይቆጣ እንደነበር ጨመረ።