ከማንኩሳ እስከ ዲማ፦ የሐዲስ አለማየሁ ሕይወትና የሁለት ሰዎች ፍቅር

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ማንኩሳን ያገኛታል። ስሟን ከጎጃም አልፎ በመላ ኢትዮጵያ ያሳወቀው በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘው ልብ ወለድ ነው፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁ የተወለዱት በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። የካህን ልጅ ነበሩ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ አዲስ አበባ ወርደው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተምረዋል። በወጣትነታቸው የደረሱት ተውኔት ርእሱ «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» ይባላል። የአገርን ኋላ ቀርነት በጋብቻ መስለው ማሳየት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ። ተማርከውም በጶንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ለዓመታት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በዲፕሎማትነት፣ በአምባሳደርነትና በትምህርት ሚኒስትርነት አገልግለዋል። ይሁን እንጂ ሕዝብ ይበልጥ የሚያስታውሳቸው በብዕራቸው ነው።

የመጽሐፉ ታሪክ ሁለት ሁለት ሆነው በቆሙ ሰዎች የተዋቀረ ነው። በማንኩሳ ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የፈራት ውድነሽ በጣሙና በቤቷ ያገለግል የነበረው ቦጋለ መብራቱ ይጋባሉ። የማዕረግና የሀብት ልዩነት ቢኖራቸውም ትዳራቸው ሰመረ። የወለዱትን በዛብህን ግን በሕመሙ ምክንያት ለእግዚአብሔር ተሳሉት። ልጁ ሳያውቅ የተገባው ቃል በጎልማሳነቱ የፍቅሩ እንቅፋት ሆነ።

በዲማ ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻ ዘር እየቆጠሩ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለጋብቻ የጠየቁትን ሁሉ ይመልሳሉ። የሰብለ ዕድሜ በአባቷ ቤት አለፈ። ሊያስተምራት የገባው በዛብህ ልቧን ቢያገኝም የሁለቱ ፍቅር በአንድ ወገን ስእለት፣ በሌላው ወገን የዘር ኩራት ተከበበ። የተገናኙት ሞት ደጃፍ ላይ ነው።

ሐዲስ አለማየሁ ለገበሬው የሰጡት ቦታም እዚህ ላይ ይታያል። ፊታውራሪው ከልማድ ውጪ ግብር ሲጠይቁ በአበጀ በለው የተመሩት ገበሬዎች እንቢ ብለው ተነሡ። በቤት ውስጥ ልጅን፣ በእርሻ ላይ ገበሬን የሚጫነው ያው አንድ ሥልጣን መሆኑን ደራሲው ያለ ስብከት፣ በታሪኩ ሂደት አሳዩ።

መጽሐፉን ማንበብ ላልቻለው ደግሞ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮለታል። በዚያ ድምፅ ሰብለና በዛብህ ፊደል ያልቆጠሩ ቤተሰቦች ጭምር የሚያዝኑላቸው ሰዎች ሆኑ።

ሐዲስ አለማየሁ በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. ዐረፉ። ማንኩሳ ዛሬም ከመንገዱ አልራቀችም። የመጽሐፉ ጥያቄም እንዲሁ ከየቤቱ አልራቀም፤ ልጁን ለመዳር ሽማግሌ የሚቀበል አባት፣ ስለ ልጇ ቃል የምትገባ እናት፣ ከሁሉ አስቀድመው የልጁን ፈቃድ ጠይቀዋልን? በዛብህንም ሰብለንም አስቀድሞ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።