በአንድ ስኬት ጥላ ሥር የቀረው የሊ ሞርጋን ሸክላ

ትራምፔት ተጫዋቹ ሊ ሞርጋን እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1938 በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ ተወለደ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ከዝነኛው ክሊፎርድ ብራውን ትምህርት ቀስሟል። በ1956 የዲዚ ጊለስፒን ትልቅ ባንድ ሲቀላቀል ዕድሜው 18 ዓመት ነበር። በቀጣዩ ዓመት በጆን ኮልትሬን «ብሉ ትሬን» አልበም ላይ ተጫወተ፤ በ1958 ደግሞ ወደ አርት ብሌኪ ጃዝ ሜሴንጀርስ ገባ። ይህ ባንድ ጃዝን ከብሉዝና ከጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ጋር ያዋሐደው የሀርድ ቦፕ ስልት ዋነኛ ቤት ነበር።

ይሁንና የሄሮይን ሱስ ወጣቱን ከመድረክ አራቀው። በ1961 ባንዱን ትቶ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ኒውዮርክ መጥቶ የቀረጸው «ዘ ሳይድዋይንደር» ማንም ያልጠበቀውን ገበያ አገኘ።

ያ አልበም ገና ለአድማጭ ሳይደርስ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1964 ሞርጋን በኒው ጀርሲ በሚገኘው የሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ሌላ ሥራ ቀረጸ። ርእሱ «ሰርች ፎር ዘ ኒው ላንድ»፣ ትርጉሙም አዲሲቱን ምድር ፍለጋ ነው። ዌይን ሾርተር በሳክስፎን፣ ግራንት ግሪን በጊታር፣ ኸርቢ ሃንኮክ በፒያኖ፣ ሬጂ ወርክማን በቤዝ፣ ቢሊ ሂጊንስ በድራም አጀቡት። አምስቱንም ዜማዎች የደረሰው ራሱ ሞርጋን ነው። ከ15 ደቂቃ በላይ በሚዘልቀው የመጀመሪያው ሥራ፣ ዝግተኛው መነሻ ዜማ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ተራ በኋላ እየተመለሰ ያሳርፋል። «ሚስተር ኬንያታ» የተሰኘው ደግሞ ከሁለት ወራት በፊት ነጻነቷን የተቀዳጀችውን የኬንያን መሪ ስም ይዟል።

አሳታሚው ብሉ ኖት ግን ቅጂውን እስከ 1966 ከመደርደሪያ አላወረደውም። በዚያን ጊዜ ገበያው ከሞርጋን የሚሻው ሁለተኛ «ሳይድዋይንደር» ነበር፤ እርጋታና ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ በስኬቱ ጥላ ሥር ቀረ።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1972 ሞርጋን በኒውዮርኩ ስላግስ ክበብ ሳለ፣ ከሱስ እንዲያገግም የረዳችውና አብራው ትኖር የነበረችው ሄለን በጥይት መታችው። በከባድ በረዶ ምክንያት አምቡላንሱ ዘገየ፤ ሙዚቀኛው በ33 ዓመቱ አረፈ።

በጎተራ የቆየ ዘር እርጥበት ሲያገኝ እንደሚያቆጠቁጥ፣ ያ የዘገየ ሸክላም ቆይቶ አድማጩን አገኘ። ሞርጋንን በአንድ ተወዳጅ ዜማ ብቻ ለሚያውቀው ሰው፣ የአሳቡን ስፋት የሚያሳየው ይህ ሥራ ነው።