ዓይነ ስውሩ ሊቅና ትልቁ ቁጥር

በሒሳብ ትምህርት ስማቸው ከሚነሣ ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ግን ሥራውን ሁሉ ሳይሆን፣ 2,147,483,647 ከተባለው ቁጥር ጋር ያደረገውን ትግል ነው።

ኦይለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1707 ዓ.ም. በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ስለ ነበር ልጁም ያንኑ ሙያ እንዲይዝ ይመኝ ነበር። ነገር ግን ዮሐን ቤርኑሊ የተባለው የሒሳብ መምህር የልጁን ተሰጥዎ ተመልክቶ አባቱን ስላግባባ፣ ወጣቱ ወደ ሒሳብ አዘነበለ። በ1727 ወደ ሩሲያ ሄዶ በፒተርስቡርግ የሳይንስ አካዳሚ ገባ፤ ከ1741 እስከ 1766 በበርሊን ሠርቶ እንደ ገና ወደ ፒተርስቡርግ ተመለሰ።

ከእርሱ በፊት የነበረው ዝነኛው ፈረንሳዊ ፌርማ፣ 4,294,967,297 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ ያምን ነበር። ኦይለር ግን በ1732 ይህ ቁጥር ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ። ኋላም የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋዮች ሁሉ ከ64 ብዜት በ1 የሚበልጡ መሆን እንዳለባቸው አስረዳ፤ 641ም 64 በ10 ተባዝቶ 1 ሲደመርበት የሚገኝ ነው። እንግዲህ ቁጥሩን ሁሉ በከንቱ ከመሞከር፣ ማን ሊያካፍል እንደሚችል አስቀድሞ መለየት ይሻላል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ብዙ መከራ ደረሰበት። የቀኝ ዓይኑ ገና በወጣትነቱ ጠፍቶ ነበር፤ ግራውም በ1766 በሞራ ተጋረደ። በ1771 ቤቱ ሲቃጠል ከእሳቱ የወጣው በሰው ርዳታ ነው። ሥራውን ግን አላቆመም፤ እርሱ በልቡ እያሰላ ሲናገር ልጆቹና ረዳቶቹ ይጽፉለት ነበር።

በ1772 የመጀመሪያውን ቁጥራችንን ጉዳይ ከፍጻሜ አደረሰ። 2,147,483,647 የሚገኘው ሠላሳ አንድ ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ ነው። አካፋይ ቢኖረው አንዱ ከ46,341 በታች መገኘት አለበት። ኦይለር ግን እንዲህ ያለው ብቸኛ አካፋይ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 ብቻ ሊሆን እንደሚችል ተረዳ። ስለዚህ ከአርባ ስድስት ሺህ ቁጥሮች መካከል መመርመር የሚገባቸው ከ400 ያነሱ ሆኑ። ከነዚህም አንዱ እንኳ ያለ ቀሪ ሊያካፍለው አልቻለም፤ ቁጥሩ በዚያ ዘመን ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆነ።

በዚህም ሌላ ፍሬ ተገኘ። የ6 አካፋዮች 1፣ 2ና 3 ሲደመሩ 6ን መልሰው እንደሚሰጡ እናውቃለን፤ እንዲህ ያለው ፍጹም ቁጥር ይባላል። የኦይለር ቁጥር በሠላሳ ሁለቶች ብዜት ሲባዛ 2,305,843,008,139,952,128 የተባለውን ፍጹም ቁጥር ይሰጣል።

ኦይለር በ1783 በፒተርስቡርግ ሞተ። እኛም ተማሪዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ሲገጥመን እርሳሳችንን ከማንሣታችን በፊት፣ የማያስፈልገውን ከሚያስፈልገው እንለይ። ብርሃን የተነፈገው ሰው መንገዱን ያገኘው በዚህ ነውና።