በሁለት መንግሥት የተፈረደባቸው ጄኔራል

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከሽማግሌዎች ጋር የተቀመጠ ሰው፣ የጣልያን ዘመን ሲወራ አርበኛና ባንዳ የሚሉትን ሁለት ቃላት ሳይሰማ አይነሣም። ዳሩ ግን በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዓይነት ሰውም ነበረ፤ ይኸውም የጠላትን ደመወዝ ሲበላ ቆይቶ ኋላ ጠመንጃውን ወደ ጠላት ያዞረው ነው። በ1933 ዓ.ም. ክረምት በደብረ ታቦር የነበረው የጣልያን ጦር እጁን በሰጠ ጊዜ፣ በጣልያን ባንዲራ ሥር ያገለግል ከነበረው ያገር ተወላጅ ወታደር ከፊሉ ወገን ለውጦ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. በቍልቋልበር ላይ ከአርበኞችና ከእንግሊዞች ጋር ሆኖ ጣልያንን ወግቷል። እንዲህ ያለው ሰው ምን ይባላል? በክፍላችን ብዙ ተከራክረንበት አልተስማማንም። የእኛዎቹ የከዱት የባዕድ ጌታ ስለሆነ ፍርዱ ቀላል ነው ያሉ ነበሩ። እንግዲያስ የገዛ አገሩን መንግሥት የተቃወመ ምርኮኛስ? ስለዚህ የጀርመኑን ጄኔራል የዋልተር ፎን ዛይድሊትስን ሕይወት ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ጄኔራል ዛይድሊትስ በነሐሴ 1888 በሐምቡርግ ከተማ ተወለዱ። ቤተ ሰባቸው በፕሩስያ የታወቀ የጦር ዘር ነው፤ ለታላቁ ፍሬድሪክ ፈረሰኞችን እየመራ ስሙን ያስጠራው ጄኔራል ከዚሁ ቤት የወጣ ነበር። በልጅነታቸው ወደ ጦር ገቡ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በመድፈኛ መኰንንነት ተዋጉ። በ1934 የጀርመን ወታደር ሁሉ ለአገሩና ለሕጉ ሳይሆን ለሒትለር ለራሱ፣ በስሙ፣ እንዲምል በታዘዘ ጊዜ እሳቸውም ማሉ። በ1940 በፈረንሳይ፣ በ1941 በሩስያ ወረራ ክፍለ ጦር እየመሩ ሽልማት ተቀበሉ። እዚህ ላይ ሳንሸሽግ መናገር አለብን፤ ጦሩ ድል እያደረገ በሰው አገር ሲገሠግሥ ጄኔራሉ ተቃውሞ አላሰሙም።

በ1942 መጀመሪያ በዴምያንስክ 100,000 ያህል የጀርመን ወታደር ተከበበ። ከበባውን ከውጭ እንዲሰብሩ የተላኩት ዛይድሊትስ ነበሩ፤ በሚያዝያም መንገዱን ከፈቱ። የተከበበው ጦር እስከዚያ ድረስ በአውሮፕላን እየተቀለበ ስለ ቆየ፣ ሒትለር የተከበበ ጦር ሁሉ እንዲህ ሊኖር ይችላል ብሎ አመነ። ይህ እምነት በዚያው ዓመት በስታሊንግራድ በራሳቸው በጄኔራሉ ላይ ተመልሶ መጣ።

በኅዳር 1942 ሩስያውያን የጀርመንን 6ኛ ጦር በስታሊንግራድ ከበቡት። በውስጡ ሩብ ሚሊዮን የሚያህል ሰው ነበረ። ዛይድሊትስ በዚያ የ51ኛው ኮር አዛዥ ነበሩ። ከላይ ትእዛዝ ሳይመጣ ትርፉን ስንቅና ዕቃ አቃጥለው በሰሜን በኩል የነበረውን ጦር ወደ ኋላ አስነሡ፤ ሐሳባቸው ሠራዊቱ በሙሉ ከበባውን ሰብሮ እንዲወጣ ለማስገደድ ነበር። ነገር ግን ምሽጉን የለቀቀው 94ኛው ክፍለ ጦር በሜዳ ላይ ተይዞ ብዙ ሰው አለቀበት። የሚያስደንቀው፣ ሒትለር ይህን ሳያውቅ የሰሜኑን ግንባር በሙሉ ለእሳቸው እንዲሰጥ ማዘዙ ነው! በ25 ኅዳር ለበላያቸው ለጄኔራል ፓውሉስ በጻፉት ማስታወሻ፣ ሒትለር ባይፈቅድም እንኳ ሰብሮ መውጣት ግዴታ መሆኑን፣ አዛዥ ከመሐላው በላይ ለወታደሩና ለሕዝቡ ኀላፊነት እንዳለበት አስረዱ። ፓውሉስ ትእዛዝ መጣስ አልደፈሩም።

የተከበበው ጦር ለመኖር ቢያንስ በቀን 3,000 ኩንታል ስንቅና ጥይት ያስፈልገው ነበር። በአውሮፕላን የደረሰለት በአማካይ ከ1,000 ኩንታል ብዙ አይበልጥም። ፈረሶቹ ተበሉ፤ ቍስለኛው በብርድ አለቀ። በጥር 1943 መጨረሻ ዛይድሊትስ የበታች አዛዦቻቸው በራሳቸው ፈቃድ እጃቸውን እንዲሰጡ ፈቀዱ። ፓውሉስም ይህን ሲሰሙ ሥልጣናቸውን ገፈፏቸው። ወዲያው ሁለቱም ተማረኩ። በመጨረሻው ቀን ከተማረኩት 91,000 ሰዎች ወደ አገራቸው የተመለሱት 6,000 ያህል ብቻ ናቸው። በእኛ አስተያየት የጄኔራሉ ሕይወት የተለወጠው በዚህ ነው እንጂ በምርኮ ሰፈር በሰሙት ስብከት አይደለም።

በመስከረም 1943 በሞስኮ አጠገብ በሉንዮቮ የተማረኩ መኰንኖች የጀርመን መኰንኖች ማኅበርን አቋቋሙ፤ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ዛይድሊትስ ናቸው። ሠራዊቱ ሒትለርን አውርዶ ወደ ድንበሩ ቢመለስ ጀርመን ሳትከፋፈል እንደምትኖር ሩስያውያኑ ተስፋ ሰጥተዋቸው ነበር። በራዲዮ ተናገሩ፤ በጋዜጣና በወረቀት ጥሪ አስተላለፉ። በየካቲት 1944 በቸርካሲ ለተከበቡት ጄኔራሎች ደብዳቤ ላኩ፤ የሰማቸው ግን ጥቂት ነው። የጀርመን ምርኮኞችን ጦር አቋቁመው በሒትለር ላይ እንዲዘምቱ ቢጠይቁም ስታሊን እንቢ አለ። እኛ እንደሚመስለን ስታሊን የፈለገው ድምፃቸውን እንጂ ጦራቸውን አልነበረም።

በሚያዝያ 1944 የሒትለር የጦር ፍርድ ቤት በሌሉበት ሞት ፈረደባቸው። ባለቤታቸው ባሏን እንድትፈታ ተገደደች፤ በ20 ሐምሌ ሒትለርን ለመግደል የተደረገው ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ደግሞ እርሷና ሴቶች ልጆቿ ታሰሩ። አንድ ሰው ለኅሊናው ሲታዘዝ ዕዳውን ማን እንደሚከፍል በክርክራችን ላይ ማንም አላነሣውም ነበር። ወላጆቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ አርበኛ ዱር ሲገባ የተቃጠለው ቤት የሚስቱና የልጆቹ ነበርና።

ፓውሉስ ከብዙ ማመንታት በኋላ በነሐሴ 1944 ወደ ተቃዋሚዎቹ ገቡ፤ በታኅሣሥም 50 ጄኔራሎች ሕዝቡ ከሒትለር እንዲለይ የሚል ጥሪ ፈረሙ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሩስያውያን ማኅበሩን በኅዳር 1945 አፈረሱት።

ቀጥሎ የመጣው ከሁሉ የሚገርመን ነው። በ1950 የሶቪየት ፍርድ ቤት እኚህኑ ሰው በጦር ወንጀል ከስሶ ሞት ፈረደባቸው፤ ፍርዱም ወደ 25 ዓመት እስራት ተለወጠ። ሒትለር የሩስያ አገልጋይ ብሎ የፈረደባቸውን ሩስያ ደግሞ የሒትለር ጄኔራል ብላ አሰረቻቸው። በጥቅምት 1955፣ የምዕራብ ጀርመን መሪ አዴናወር ሞስኮን ከጐበኙ በኋላ፣ ተፈትተው ወደ ቤተ ሰባቸው ተመለሱ።

አገራቸው ግን አልተቀበለቻቸውም። በ1956 የሒትለር የሞት ፍርድ በፍርድ ቤት ተሻረ፤ ማዕረጋቸውና ጡረታቸው ግን አልተመለሰላቸውም፤ የቀድሞ ጓደኞቻቸውም ራቋቸው። በ28 ሚያዝያ 1976 በብሬመን ከተማ በ87 ዓመታቸው ዐረፉ። ሩስያ የ1950ን ፍርድ የሻረችው በ1996 ሲሆን፣ ጄኔራሉ ከሞቱ ሃያ ዓመት ሆኗቸው ነበር።