34 ዓመት ደጅ የጠና ሰው
(የኦኔሲሞስ ነሲብ አጭር የሕይወት ታሪክ)



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ የሰማሁት ጥያቄ ነው። ሰልስቱ አልፎ፣ ሰዉ ሳሳ ብሎ፣ እኛ አግዳሚ ወንበሩን ስንቆጥርና ድንኳኑን ለመንቀል ስንሰናዳ፣ ሐዘንተኛዋ እህታችን ከቤት ወጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ባለቤቷ ዕድሜውን ሙሉ እግዚአብሔር ያደርግልኛል ብሎ በጸሎት የጠበቀው ነገር እንደ ነበረና ሳያየው እንደ ሞተ ነገረችን። ታዲያ የእግዚአብሔር ተስፋ የሚፈጸመው ለማን ነው ብላ ጠየቀችን። ከመካከላችን የመለሰላት የለም። እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለን ተነሣን። እኔ ግን ቤቴ ገብቼም ጥያቄዋ አላስተኛኝም።

ሰባኪ አይደለሁም። በእድራችን የተዋሕዶውም፣ የወንጌላዊውም፣ የእስልምናውም ተከታይ ስላለ፣ ስለ ሃይማኖት ለመከራከር አልጽፍም። የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ልንገራችሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የራሳችንን የምጠቅስበት ቦታ ሲኖር እናገራለሁ።

ልጅነቱና ባርነቱ

ሰውየው የተወለደው በ1850ዎቹ ዓመታት፣ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ በሚባለው አገር አጠገብ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበረ። ሂካ ማለት በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም እንደ ማለት ነው። እኛም በአማርኛ ሕልም ፈታ፣ ቅኔ ፈታ እንል የለም? ይህን ስም አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሂካ ገና የ4 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። ያን ጊዜ አባት የሌለው ልጅ ለማንም ወሮበላ የተጋለጠ ነበረ። በ1869 የባሪያ ፈንጋዮች ያዙት። ከዚያ በኋላ የሆነው ለመናገር ይከብዳል። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ 8 ጌቶች ተፈራረቁበት። ከኢሉባቦር ለምለም ምድር ተነሥቶ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ድረስ ተነዳ። እስቲ አስቡት፦ የሚፈታ የተባለው ልጅ ራሱ ታስሮ ገበያ ቆመ።

ምጽዋ ሲደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1870 በዚያ ይኖር የነበረ ወርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊሳዊ ነጻ አወጣውና ከከተማው አጠገብ እምኩሉ በሚባለው ቦታ ለነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያን አስረከበው። እነዚህ ሰዎች ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነው። አሳባቸው እዚያው መቅረት አልነበረም፤ ወደ ኦሮሞ አገር ዘልቀው ወንጌል ለመስበክ ነበረ እንጂ። ነገር ግን መንገዱ ሁሉ ተዘግቶባቸው በባሕሩ ዳር ቀሩ። እንግዲህ እነሱ ሊደርሱበት ያልቻሉት ሕዝብ ልጅ፣ በባሪያ ነጋዴ እጅ ተነድቶ ከደጃቸው ደረሰ ማለት ነው።

ሂካ ለትምህርት ትጉ ሆነ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ የሚባለው፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የምናገኘው ባሪያ ነው። ትርጉሙም ጠቃሚ ማለት ነው። ልጁ የባርነቱን ታሪክ በስሙ ይዞ ቀረ፤ ትርጉሙ ግን ተገለበጠ።

ጥሪውና የተዘጋው መንገድ

ኦኔሲሞስ ወደ ስዊድን ተልኮ ዮሐነሉንድ በሚባለው ትምህርት ቤት 5 ዓመት ተማረ። ለመምህርነትና ለወንጌል ሥራ ተዘጋጀ። እዚያው አውሮፓ መቅረት ይቻለው ነበር ብዬ አስባለሁ። እሱ ግን ልቡ የተነጠቀው ወደ ተነጠቀበት አገር ነበረ። እግዚአብሔር ከባርነት ያወጣኝ ለወገኖቼ ነው ብሎ አመነ። እንደ አብርሃም ውጣ የተባለ ሳይሆን፣ ተመለስ የተባለ ሰው ነበረ ማለት ይቻላል። አንዳንድ ጊዜ ከመውጣት መመለስ ይከብዳል እኮ! የሸጡት ሰዎች ያሉበት አገር ነውና።

በ1881 ምጽዋ ተመለሰ። ምሕረት ኃይሉ የምትባል ሴት አገባና ብዙም ሳይቆይ ጉዞ ጀመረ። በኢትዮጵያ በኩል ያለው መንገድ ዝግ ስለ ነበረ የተጓዙት በሱዳን ዞረው ነው። ከካርቱም ዓባይን ተከትለው ወደ ላይ ወጡ። ፋማካ የሚባል የጠረፍ ቦታ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ያለው ወለጋ ነው፤ የቀራቸው ጥቂት ነበር።

አላለፉም። የጠረፉ ንዳድ ተነሣባቸው። ኦኔሲሞስም በትኩሳት ወደቀ። በሚያዝያ ወር 1882 ካርቱም ተመልሰው ሲገቡ ደግሞ አገሩ በማህዲስቶች አመፅ እየታመሰ ነበረ። ምን ይደረግ? ወደ እምኩሉ፣ ወደ ተነሡበት ተመለሱ።

በ1886 እንደገና ሞከሩ። አሁን በሸዋ በኩል ነው። እንጦጦ ድረስ መጡ። ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ግን ማለፍ አልፈቀዱላቸውም። ደግሞ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ከመካከላችን ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሰው ምን ይላል? እኔ በበኩሌ፣ ጥሪው የእግዚአብሔር ቢሆን ኖሮ መንገዱ በተከፈተ ነበር እል ነበር። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። በር ሲዘጋ፣ ፈቃዱ አይደለም ብለን እንቀመጣለን። ነገሩ እንዲያ ሊሆንም ይችላል። ዳሩ ግን በሩ ተዘጋ ማለት ጥሪው ተሻረ ማለት ላይሆን ይችላል። ኦኔሲሞስ ይህን ለይቶ ያወቀ ይመስለኛል። በደጁ ተቀመጠ፤ ሲቀመጥም እጁን አጣጥፎ አልነበረም።

በደጅ የተሠራው ሥራ

ከካርቱም ተመልሶ እምኩሉ ሲገባ የጀመረው ነገር ትርጉም ነው። እግሩ ሊደርስ ያልቻለበት አገር ቃሉ ይድረስ ብሎ መሆኑ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ወደ ኦሮምኛ መመለስ ያዘ፤ የጻፈውም በፊደላችን ነው።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። በልጅነቱ ከአገሩ የተነጠቀ ሰው ስለ ሆነ ቋንቋው የልጅ ቋንቋ ሆኖ ቀርቶበታል። የሽማግሌ ንግግር፣ የሸንጎ ቃል፣ ተረቱና ምሳሌው ከየት ይምጣ? ከባሕር ዳር ሆኖ ማንን ይጠይቅ?

እግዚአብሔር በዚህ የረዳው እንደገና በተሸጠ ሰው በኩል ነው። በ1886፣ ከእንጦጦ በተመለሱበት በዚያው ዓመት፣ ጣልያኖች በቀይ ባሕር ላይ ወደ ዐረብ አገር ባሮች የሚያሻግር መርከብ ያዙ። ከተፈቱት መካከል አስቴር ጋኖ የምትባል የኦሮሞ ልጅ ነበረች። እሷም እምኩሉ ተላከች። አስቴር የቋንቋዋ ጎተራ ነበረች ማለት ይቻላል። 15,000 ያህል ቃላት ያሉበት መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። ከልጅነት ትዝታዋ 500 የሚሆኑ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ሰበሰበች። ኦኔሲሞስ ያጣውን ቃል የሞላችለት እሷ ነች። ስለ ትርጉሙ ሲነሣ የእሷም ስም አብሮ መነሣት አለበት የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ሐዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። በ1894 ኦኔሲሞስና አስቴር ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ። አስቴር ከሰበሰበችው ብዙው የታተመው በእሱ ውስጥ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ፣ ቅዱስ ክሪሾና በተባለ ቦታ በ1899 ታትሞ ተጠናቀቀ። ሂካ ተብሎ የተወለደው ልጅ እነሆ እንደ ስሙ ፈታ፤ ተረጎመ። ስሙን ያወጡለት ወላጆቹ ይህን ያውቁ ነበር ለማለት አይቻልም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቅ ነበር ብሎ ማመን የሚቻል ይመስለኛል።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። በ1882 ፋማካን አልፎ ቢሆን ኖሮ ወለጋ የሚገባው ባዶ እጁን፣ በልጅ ቋንቋ ነበረ። አስቴርም ገና አልተገኘችም ነበር። የዘገየው ነገር ሁሉ እንዲህ ይጠቅማል ማለቴ አይደለም። በዚያ ዘመን ወደ ኦሮሞ አገር ብለው ተነሥተው በመንገድ የቀሩ አሉ፤ ለእነሱ መዘግየቱ ጠቀመ ብዬ ለመናገር አልደፍርም። የኦኔሲሞስ ግን እንዲህ ሆነ።

ወደ አገር መግባት

በ1904 ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ጓደኞቻቸው ወለጋ ገቡ። ከምጽዋ ነጻ ከወጣ 34 ዓመት ሆኖታል። ልጅ ሆኖ የወጣው ሰው ወደ 50 ዓመት ተጠግቶ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ እኔም አንቱ ልበላቸው፤ የአገሩም ሰው የሚጠራቸው በልጃቸው ስም አባ ገመቺስ ብሎ ነበርና።

መጀመሪያ ቦጂ ተቀመጡ፤ በኋላ ነቀምት ገቡ። የአገሩ ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ የቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በደስታ ተቀበሏቸው። አባ ገመቺስ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው አስተማሩ፤ አስቴርም አብራ አስተማረች።

እንግዲህ ተስፋው ተፈጸመ፣ ታሪኩ አለቀ ብንል ደስ ባለን። ግን አላለቀም። የአካባቢው ካህናት ኦሮምኛውን ስለማያውቁ ሰውየው ምን እንደሚናገሩ አይገባቸውም ነበር፤ ጥርጣሬ ገባቸው። እመቤታችንን ይሳደባሉ ተብለው ተከሰሱ። በግንቦት ወር 1906 አዲስ አበባ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። አቡኑ እንዲሰደዱ ፈረዱ። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው፣ ነቀምት ተመልሰው ይቀመጡ፣ ነገር ግን አይስበኩ አሉ።

ይኸ ለእሳቸው እንዴት ያለ ፈተና እንደ ነበረ ይታያችሁ። 34 ዓመት የጠበቁት አገር ውስጥ ናቸው። መጽሐፉ በእጃቸው ነው። ሕዝቡ በፊታቸው ነው። አፋቸው ግን ታሰረ። ፊተኛው መዘጋት ከሩቅ ነበረ፤ ይኸኛው ከቤት ውስጥ ነው።

አባ ገመቺስ አገር ጥለው አልሄዱም፤ ሁከትም አላስነሡም። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ልጆች ማስተማራቸውን ቀጠሉ። የስደቱ ነገር እንደ ሰይፍ ራሳቸው ላይ ተንጠልጥሎ 10 ዓመት ቆዩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ከዚያ ወዲያ 15 ዓመት መጽሐፉን እያደሉ፣ ቃሉን እያስተማሩ ኖሩ። ያረፉት ነቀምት ላይ በሰኔ 21 ቀን 1931 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ዕለቱም እሑድ ነበረ። አስቴር ከእሳቸው በኋላ ብዙ ዘመን ኖራ በ1964 ዐረፈች።

ስለ እህታችን ጥያቄ

አሁን ወደ ለቅሶ ቤቱ ልመለስ። ባለቤቷ ሳያይ የሞተው ነገር ይፈጸማል ብዬ ልነግራት አልችልም። እሱን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ነገር ግን ከአባ ገመቺስ ሕይወት ያገኘሁትን ሁለት ነገር ላካፍላት እወዳለሁ።

አንደኛው፣ ተስፋን ማመን ማለት በሩ እስኪከፈት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ እንዳልሆነ ነው። እሳቸው በእምኩሉ የቆዩባቸው ዓመታት ለሌላው ሰው የባከኑ ይመስሉ ይሆናል። ዳሩ ግን ትልቁ ሥራቸው የተሠራው በእነዚያ ዓመታት ነው። የእህታችን ባለቤትም ሲጠብቅ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሬሳ ለመሸኘት ከሁላችን ቀድሞ የሚደርስ፣ መቃብር ሲቆፈር ዶማ የሚያነሣ፣ ሐዘንተኛ ሲያጽናና የሚያመሽ ሰው እንደ ነበረ ሁላችንም እንመሰክራለን። ይኸ በደጅ የሠራው ሥራ ነው፤ ከንቱ አልቀረም።

ሁለተኛው፣ እሳቸውም ቢሆኑ የተጠሩበትን ነገር ፍጻሜ ሁሉ አላዩም። የወንጌላዊት መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የተቋቋመችው በ1959፣ ካረፉ ከ28 ዓመት በኋላ ነው። በደከሙበት አገር ስንት ሰው በቋንቋው እንደሚያነብና እንደሚጸልይ ሳያዩ ሄዱ። መጽሐፍም አበው ተስፋውን ከሩቅ ተሳልመው እንደ ሞቱ ይናገራል። የዘሩትን ሌላ ሲያጭደው የጠሪው ታማኝነት አይጎድልም።

ያን ቀን በድንኳኑ ሥር ዝም በማለቴ እህታችን ትማረኝ። መልስ ባይሆነኝም፣ ይህን ታሪክ ብነግራት ይሻል ነበር። ዘንድሮ በአንድነት የሸኘናቸውን ሁሉ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ የቀረነውንም በተጠራንበት ያጽናን።